ጎሚስታው ያሸገው ቁስል

ሰኞ፣ ከወለደች በአምስተኛው ቀን

በዚህ ሰፈር እንደ እኔ የሚያነብ ሰው የለም። እሺ፣ ሰፈሩ ይቅር፤ በማታ ትምህርት ቤታችን የለም። እሺ፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ከምንቀመጠው አራት ሰዎች መካከል የለም፤ ከአራታችንም አንዱ መነጽሩ የተሰበረበት ነው። ቢሆንም ዛሬ እኔ የሠራሁትን ሥራ ከእነሱ አንዱም አልሠራም። ከሆስፒታል የተሰጠንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

ሚስቴ ዛሬ ቤቷ ገባች። ሦስተኛ ልጃችንን ይዛ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ ይቺኛዋ ሴት ናት፤ ሦስቱም በቀዶ ጥገና ነው የመጡት። ሐኪሙ "በድሮው በር ነው የገባነው" አለኝ። እንግዳ እንኳ ሦስት ጊዜ በአንድ በር ሲገባ ያፍራል።

የመጀመሪያው ጠባሳዋ ቀጭን ነበር። ሁለተኛው ግን ወፈረባት። እንደ ገመድ ተጠማዞ፣ ሙቀት ሲሆን የሚያሳክካት፣ ከጉርድ ቀሚሷ ወገብ ጋር ጠዋት ማታ የሚጣላ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሳይጠፋ ልብስ ቀይራ አታውቅም። እኔም "ግድ የለሽም፣ የማውቀውን ሰፈር በጨለማም አገኘዋለሁ" እላት ነበር። አትስቅም። እኔ ብቻ ነበርኩ የምስቀው።

በዚህኛው ግን ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቷ በፊት ሐኪሙን ለመነችው። ያንን ገመድ ቆርጦ እንዲያወጣላት፣ በቦታው ቀጭን መስመር እንዲሰፋላት። እሱም የድሮዎቹን ሁለቱንም አንስቶ አንድ አደረጋቸው። በደንብ ከተያዘ የእርሳስ መስመር ነው የሚመስለው ብሏታል። ይኸው ከሆስፒታል አልጋዋ ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ የምታወራው ስለ ልጅቷ ክብደት ሳይሆን ስለዚያ መስመር ነው።

ስንወጣ ነርሷ ስለ አያያዙ ልታስረዳን አፏን ከፈተች። ወረቀቱንም ዘረጋችልኝና ማንበብ እንችል እንደሆነ ጠየቀች። "እንዴታ!" አልኩ። አፏን መልሳ ዘጋች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።

ማታ ሚስቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ቁስሉ ከሆዷ ግርጌ ነው፣ ጎንበስ ብላም አይታያትም፤ መስታወት ደግሞ አትፈልግም። "አንተ እያየህ ንገረኝ። የሚታይህን። እንዳትዋሸኝ" አለች።

"ዋሽቼሽ አውቃለሁ?" አልኳት።

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። አሥሩ ሲያልቅባት የእናቷን ጣቶች ተዋሰች።

ረቡዕ

ዛሬ የዕድሜ ልክ ሙያዬን ለቤቴ አዋልኩት።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎማ ለጥፌያለሁ። የእኔ ልጥፍ ተመልሶ ተንፍሶ አያውቅም፤ ከተነፈሰም ባለመኪናው ሚስማር ፈልጎ ነድቶበት ነው። ወረቀቱ "ቁስሉ ደረቅ ይሁን፣ ውሃ አይንካው" ይላል። ሚስቴ ደግሞ ገላዬን ካልታጠብኩ አለች። ለሌላ ሰው ይህ ጭንቅ ነው፣ ለእኔ ግን ቁርስ ነው።

እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። የሆስፒታሉን ፋሻ አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ መስመሩ የሚያምር ነበር፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ የመምህርቷ ማስመሪያ ያሰመረው ይመስላል። እንደዚያው ነገርኳት። ፊቷ በራ። ከዚያ አዲስ ጎዝ፣ ከጎዙ በላይ ንጹሕ ላስቲክ። የላስቲኩን አራት ማዕዘን በመቀስ አዞርኩት፤ ሹል ጥግ ያለው ልጥፍ ቶሎ እንደሚነሳ ማንም ጀማሪ ያውቃል። ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም። ነፋስ የሚያስገባ ልጥፍ፣ ልጥፍ አይባልም።

ሚስቴ "አሁን ደግሞ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ለማየት ገንዳ ውስጥ ልትነክረኝ ነው?" አለች። ሐሳቡ ሽው ብሎብኝ እንደነበር አልነገርኳትም።

አማቴ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ያዩ ነበር። ቁስል እንደ ሰው ነው፣ መተንፈስ ይወዳል አሉ። በእሳቸው ጊዜ ወረቀት እንዳልነበረ በትሕትና አስረዳኋቸው።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

አማት ናቸው። ይሳቅላቸዋል።

ዓርብ፣ በሩጫ

የአውቶቡስ ጎማ። ሁለት። ቁርስ አልበላሁም።

አብሮኝ የሚሠራው፣ ትከሻው ስለ ጎበጠ ሻኛ የምንለው፣ ደንበኛ ፊት ጮክ ብሎ፣ "ሦስት ጊዜ ከሚቀዷት ዚፕ ቢገጥሙላት አይሻልም ነበር?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም የበለጠ ሳቅሁ።

ከዚያ የምነፋውን ጎማ ከልክ በላይ ነፋሁት፣ ሊፈነዳብኝ ነበር። አለቃዬ ጮኸብኝ።

ለምን ሳቅሁ?

እሑድ

ዛሬ ከፈትኩት። በግራ በኩል ጫፉ ነጣ ብሏል፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ያጠበች ሴት ጣት ይመስላል፣ የተጨማደደ፣ እርጥብ። ላብ ነው። ትንሽ ሽታም አለው። የላስቲክ ሽታ ነው። እኔ የላስቲክ ሽታ አውቃለሁ።

"ምን ይመስላል?" አለች፣ ዓይኗ ጣራው ላይ።

"ቀጭን መስመር።"

ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ እርጥበት እንደሚሰማት ነገረችኝ። ምናልባት ቤቱ ያፈስ ይሆናል ብዬ ጣራውን ቀና ብዬ አየሁ። ሳቀችና ቁስሉን ያመማት መሰለኝ፣ ጎኗን ያዘች።

አዲስ ጎዝ አደረግሁ። ውሃ የሚገባው ከላይ መሆን አለበት ብዬ ላስቲኩን ሁለት ደረብኩ። አጠበቅሁት።

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ከመጀመሪያው በጣም ፈጥኜ። የጎደለኝ ነገር የለም። ኅትመቱ ግን ደካማ ነው፤ ብርሃን ላይ ስይዘው ከፊደሎቹ መሐል ሌሎች የደበዘዙ ፊደላት ይታያሉ፣ ቀለሙ የፈሰሰ ይመስላል። የመንግሥት ሥራ።

ማክሰኞ ጠዋት

ትኩሳት የለባትም። ግንባሯ ብቻ ነው የሞቀው። ልጅቷን ስታጠባ ዓይኗን ትጨፍናለች። አማቴ እያዩኝ ዝም ይላሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ አልወድም።

"ቀጭን መስመር" አልኳት ደግሞ። ሳልከፍተው ነው ያልኳት። መክፈት አልፈለግሁም። ሥራ ረፍዶብኛል።

ዛሬ ማታ የትምህርታችን መጨረሻ ነው። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ወረቀት አምጥተን በክፍሉ ፊት ማንበብ አለብን። እኔ ምን እንደምወስድ ግልጽ ነው። ሌሎቹ የመብራት ቢል ያመጡ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ከትምህርት መልስ

በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የዘበኛው ተራ ነበር፤ የሥራ ቦታውን ማስታወቂያ ነው ያነበበው፣ ላቡ እስኪወርድ። ቀጥሎ ምግብ አብሳይዋ የዱቄት ከረጢት ጽሑፍ አነበበች፤ "ክብደት" ሲደርስ አልወጣ ብሏት ቆየች፣ ሲወጣላት ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ እኔ። ኮቴን ቆልፌ ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከሆስፒታል የተሰጠ መሆኑን፣ ተራ ወረቀት አለመሆኑን አስቀድሜ አሳወቅሁ። አንዴም ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው አወረድኩት። መነጽሩ የተሰበረው ጓደኛዬ እንኳ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያዳምጠኝ። እጅ ልነሳ ጎንበስ ስል መምህርቷ ቀስ ብላ፣

"ጎበዝ፣ ጋሼ። አሁን ይገልብጡትና ይቀጥሉ" አለችኝ።

እዚህ የሚሰጠን መልመጃ ሁሉ በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ጀርባው ባዶ ነው፣ ለሒሳብ እንሠራበታለን። ወረቀት በጀርባውም እንደሚናገር በስምንት ወር ማንም አልነገረኝም። ገለበጥኩት። ሞልቶ ተጽፏል።

አነበብኩ። ቆሜ ነበርና ምን ላድርግ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ፋሻው ይነሳ ይላል። ቁስሉ ክፍት ሆኖ አየር ያግኝ ይላል። ገላ መታጠብ ይቻላል፣ በንጹሕ ጨርቅ ደረቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል ይላል። ቀጥሎ ያለውን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም፤ "በላስቲክ ወይም አየር በማያስገባ በማንኛውም ነገር ፈጽሞ አይሸፈን።" ድምፄ እያነሰ ሄደ። ዘበኛው ከኋላ አይሰማም አለ። የመጨረሻው መስመር መቅላት፣ መንጣት፣ ሽታ፣ ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይምጡ ይላል።

ክፍሉ አጨበጨበልኝ። አጨበጨቡልኝ እኮ። እኔ ደግሞ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ፤ ኮፍያዬ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ቤት ስደርስ ላስቲኩን አነሳሁት። በግራ በኩል ተከፍቷል። ጥፍር የምታህል አፍ፣ ከሥሯ ቢጫ ነገር።

"ምን ይመስላል?" አለችኝ።

ነገ በማለዳ ሐኪም ቤት እንደምንሄድ ነገርኳት።

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

ዝም አልኩ። በዚህ ቤት ውስጥ የእኔ ዝምታ ተሰምቶ አይታወቅም፤ ትልቁ ልጄ እንኳ ከመኝታው ቀና ብሎ አየኝ። አማቴ ከበሩ ላይ ሆነው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉ። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።

ረቡዕ

ያችው ነርስ ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጫማዋ የሚንኳኳ፤ በልቤ ሻለቃ ብያታለሁ። ጎዙን ገለጥ አድርጋ ሸተተችው። የፕላስተሩን ምልክት በጣቷ ዞረችው፤ ማዕዘኑ ክብ መሆኑ ገርሟት ሳይሆን አይቀርም።

"ማን ነው ይህን ያሸገው?"

ሚስቴ እኔን አየች። አማቴ ግድግዳውን አዩ።

"እኔ ነኝ፣ ሲስተር።"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ጎሚስታ።"

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁም። ማንበብ እችላለሁ እንዳልኳት አስታወሰችኝ። እችላለሁ፣ በአንድ ፊት፣ አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት፣ ቀልድ አልነበረም፤ እሷ ግን ዞር ብላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። የተከፈተውን ትንሽ ሰፋ አድርጋ በጨው ውሃ አጠበችው። ሚስቴ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ላዩን ብቻ ነው አለች ነርሷ፣ ከቆዳው አላለፈም፣ ሦስት ቀን ብትቆዩ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር። አሁን መልሳ አትሰፋውም። በየቀኑ ይታጠባል፣ እርጥብ ጎዝ ይገባበታል፣ ከሥር ወደ ላይ በራሱ ይሞላል።

"መስመሩስ?" አለች ሚስቴ።

ነርሷ እዚህ በኩል ሰፋ ይላል አለቻት። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ግን ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ሚስቴ ራሷን ነቀነቀች። መንገድ ላይ፣ አማቴ ልጅቷን ይዘው ቀደም ቀደም ሲሉ፣ ቆመች።

"'ቀጭን መስመር' ያልከኝ ስንት ጊዜ ነው?"

"ሦስት ጊዜ ብዬሻለሁ።"

"ስንቱ እውነት ነበር?"

"የመጀመሪያው።"

መራመድ ጀመረች። ልይዛት ክንዷን ነካሁ፣ ራሷን ችላ ሄደች። በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት ከእናቷ ጋር ሄደች። እኔ ልጅ ያዝ ተባልኩ።

"የእኔ ስህተት ነው፣ እማማ" አልኳቸው ሲመለሱ።

"የማን ነው ያልኩህ መሰለህ?" አሉኝ። ቀጥለውም ሥራ ቦታዬ አንድ የሚነፋ ጎማ እንደማይጠፋ፣ እዚያ ብሄድ ቤቱ ሰፋ እንደሚል ጠቆሙኝ።

ቅዳሜ

ሚስቴ በልጆቹ በኩል ነው የምታናግረኝ። "ለአባትህ ውሃ እንዳለቀ ንገረው።" አባትየው አጠገቡ ተቀምጧል። ትንሹ ልጄ ሥራውን አክብሮ ይዞታል፣ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። መልሼ ስለው ደግሞ ይሄዳል። በዚህ አያያዙ ፖስተኛ ይሆናል።

ሻኛ ዛሬ የዚፑን ቀልድ ሊደግመው ጀመረ። መዶሻውን አስቀመጥኩና አየሁት። አልጨረሰውም። ያን ዕለት ነበር ማየት የነበረብኝ።

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው

ጓዳ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ ግድግዳው ነው ስስ የሆነው።

አማቴ ይቅር በይው ይሏታል፤ ለካ በጓዳ በኩል ጠበቃዬ ናቸው። እሷ ደግሞ፣

"ላስቲኩን እኮ አልተቀየምኩትም፣ እማዬ፤ ባለማወቅ ነው። ዓይኔን ነበር የሰጠሁት" አለቻቸው።

እኔ እስከ ዛሬ የተቀየመችኝ መስመሩን ስላበላሸሁባት ነው ብዬ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅ የሰነበትኩት ስለ ላስቲክ ነው! አንድ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁለት ቀልድ ያለበት።

ለምን ዋሸኋት? እዚህ ማንም አያየኝምና ልጻፈው። ለእሷ ብዬ እንደሆነ ነበር ለራሴ የምነግረው። እሑድ ዕለት ያንን የነጣውን ጫፍ ሳየው ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ እሷ አልነበረም፤ አማቴ ምን ይሉኛል የሚል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ፊቷ ረቡዕ እንደበራው እንደገና ይብራ ብዬ ተመኘሁ። በቁስሏ ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ጉራዬን ደረብኩ። ነፋስ አላሳልፍ ያለው የትኛው እንደሆነ እንጃ።

ያው ሳልደብቅ፣ ፈርቼም ነበር። ሐኪሙ አራተኛ እንዳታስቡ ብሎናል። እንዴት እንዳለው ትዝ ይለኛል፣ ብዕሩን ክዳን ውስጥ እየከተተ። ማደንዘዣው ለቋት እስክትነቃ በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁትን ሰዓት አልጽፈውም።

ሰኞ

ሐኪም ቤት ተከትያቸው ሄድኩ። ነርሷ ቆሜ እንድመለከት ፈቀደችልኝ፤ ምንም እስካልለጠፍኩ ድረስ አለች። አየሁ። አንድም ጊዜ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቤት ገብቼ በወረቀት ጽፌ ትራሷ ላይ አስቀመጥኩላት። ቃል በቃል ይኸው፤

"ዛሬ ያየሁት። ርዝመቱ አንድ የክብሪት እንጨት። ጥልቀቱ የትንሿ ጣቴ ጥፍር። ውስጡ ቀይ ነው፣ ነርሷ ቀይ ጥሩ ነው ብላለች። ቢጫው አልቋል ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። አይሸትም። ያስቀይማል። በቀኝ በኩል ያለው ቀጭን ነው፣ ይህን እንድታምኚኝ መብት የለኝም፣ እማማን ጠይቂያቸው።"

አነበበችው። እሷ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፣ በአንድ ዕይታ ነው የምትውጠው።

"'ያስቀይማል' ብለህ ጻፍክ?" አለች። ለእኔ ነው ያለችው፣ በቀጥታ፣ ያለ ፖስተኛ።

"ያስቀይማል።"

ወረቀቱን አጥፋ ከትራሷ ስር አደረገችው። "ነገም ጻፍ" አለች።

ማክሰኞ፦ የክብሪት እንጨት ያህል፣ ትናንት እንደነበረው። ቀይ።

ረቡዕ፦ ያው። ተስፋ ቆረጥኩ። ጽፌዋለሁ። "ተስፋ አትቁረጥ ብለህ ለራስህ ንገረው" አለችኝ።

ሐሙስ፦ የክብሪቱ ራስ ያህል አጠረ! ሁለት ጊዜ ለካሁ። ነርሷ ጎማ ነው የምትለካው ወይ አለች።

ዓርብ፦ ዝናብ። ጭቃ። ተንሸራተትኩ፣ የታመምኩት እኔ መሰልኩ። ቁስሉ ደህና ነው።

እሑድ

ነርሷ ከነገ ጀምሮ ቤታችሁ ማጠብ ትችላላችሁ አለችን። ለማን ላሳይ ብላ ጠየቀች። አማቴ ዓይናቸው እንደ ድሮ አለመሆኑን ተናገሩ። ሚስቴ ጣራውን እያየች "እሱ ያድርገው" አለች።

ነርሷ ለአንድ ሰዓት አስተማረችኝ። ከጎማ ቤት ስመጣ እጄን ሦስት ጊዜ መታጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ። መቆንጠጫውን አያያዝ። ጎዙን መጠቅጠቅ ሳይሆን አልጋ ላይ እንደሚነጠፍ ጨርቅ ማሳረፍ። እኔ የማውቀው ሥራ ሁሉ ተገልብጦ ነው ያለው፤ ጎማ ከላይ ነው የሚዘጋው፣ ሰው ግን ከሥር ካልሞላ የላዩ መዘጋት ዋጋ የለውም። የማይረባ ሥራ ነው የምትሠሩት አልኳት። መሙላቱን ለእግዚአብሔር እንድተውና እሱን እንዳላግደው ብቻ ነገረችኝ።

ሰኞ

ብቻዬን ሠራሁት። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አራተኛ ደግሞ ለጉራ። እጄ ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ብታየኝ ነጭ ጋዋን ትሰጠኝ ነበር።

ርዝመቱ የክብሪቱ ግማሽ።

ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ

ጎዝ የሚገባበት ቦታ አጣሁ። ተዘግቷል። ደጋግሜ ፈለግሁት፣ የተነፈሰ ጎማ ውስጥ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው። የለም።

"ምን ይመስላል?"

"በቀኝ በኩል ቀጭን መስመር ነው። በግራ በኩል አውራ ጣቴን የሚያህል ነው፣ ሐምራዊ፣ የሚያብረቀርቅ። የተጨማደደ ነው። አጠገቡ ያለው ቆዳ ላይ የፕላስተሬ ምልክት እስካሁን አለ።"

"እማዬ፣ ልክ ነው?" አለች።

አማቴ መጡና አዩ፤ ዓይናቸው እንደ ድሮ ሆኖ ተገኘ። "ከአንድ ቃል በቀር" አሉ። "ያንተ አውራ ጣት ከዚያ ይበልጣል።"

ማክሰኞ

ዛሬ ነርሷ ምን ሰጠችን? ልጥፍ! ለስላሳ፣ ጎማ የሚመስል፣ የሚጣበቅ፣ ጠባሳው እንዳይወፍር ቀን ከሌሊት የሚለጠፍ። ማዕዘኑም ክብ ነው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ቆሜ ይህን አላልኳችሁም ወይ አልኩ። ነርሷ ያ በተዘጋ ቁስል ላይ ነው አለች፣ ቀድማ የምታውቀውን መልስ ሳትስቅ ልትለኝ እየታገለች። ሚስቴ ዝም እንድል በክርኗ ጎሸመችኝ። በክርኗ ከጎሸመችኝ ስንት ጊዜ ሆኖ ነበር።

ሐሙስ

ከሥራ ስገባ መኝታ ቤቱ ውስጥ መብራት በርቷል። የቁም ሳጥኑን በር ከፍታ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ልወጣ ስል ግባ አለች። በሩን ዝጋ አለች። መብራቱን ላጥፋ ብዬ እጄን ወደ ማብሪያው ዘረጋሁ፣ ከልማድ። ተወው አለች።

ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ ከቀኝ ጀመረች፣ ቀጭኑን እየተከተለች። ሰፊው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ይኼ የሐኪሙ ነው፤ ይኼኛው ያንተ ነው" አለች። ቀጥላም ጎንበስ ብላ ተጠጋችና፣ "እስካለፈው ዓመት በአውራ ጣትህ አልነበር የምትፈርመው? ይኸው ፈርመህብኛል።"

ሳቀች። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኔ። ቅደም ተከተሉን እዚህ መዝግቤዋለሁ።

እሑድ

ደብተሩን ሰጠኋት። ልጅቷን እያጠባች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ገጹን በአገጯ እየገለበጠች። እኔ ግቢው ውስጥ የማይነፋ ኳስ ስነፋ ቆየሁ።

ሻኛ ያለውን ስታነብ አገጯ ገጹ ላይ ቆመ፣ አየኋት በመስኮት። ከዚያ ዚፕ ቢኖረኝማ አንተን እዚያ ከትቼ እዘጋው ነበር፣ እስክትማር ድረስ፣ አለችኝ። ሌላው እውነት ነው አለች። የወረቀቱ ጀርባም፣ የአማቴም፣ አፍሬ የጻፍኩትም። አንድ ቦታ ብቻ ዋሽተሃል፣ ራስህ ፈልገህ ራስህ አርመው ብላ ደብተሩን መለሰችልኝ።

አልፈለግሁም። የት እንዳለ አውቀዋለሁ።

ብቻዬን ሠራሁት ባልኩበት ሰኞ "እጄ ንቅንቅ አላለም" ብዬ ጽፌያለሁ። ፈጠራ ነው። መቆንጠጫው ሳህኑን እስኪያንኳኳ ድረስ ተንቀጥቅጧል፤ ጎዙም አንድ ጊዜ ከእጄ ወድቋል። እሷ ናት እጇን ዘርግታ አንጓዬን ያገኘችው። ያዘችውና ወደ ቁስሏ አወረደችው፣ እስክጨርስም አልለቀቀችውም። የዚያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ እስኪዘጋ ድረስ በየቀኑ። ብቻዬን አልሠራሁትም፤ ለሁለት ነው የሠራነው፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና።